ካንዴላው ጥርሱን ይዞ ወጣ፦ የአሮጌ ቬስፓ ቴስታታ ቤት ውስጥ ይጠገናል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ የአባቴን ቬስፓ ስፕሪንት 150 ለማስነሳት እየታገልኩ ነው። በፈረንጆች 1967 የተሠራች ናት። ባለፈው ቅዳሜ ካንዴላዋን ልቀይር ስፈታ መሀል ላይ ጠነከረብኝ። ኃይል ጨምሬ ስፈታው የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞበት ወጣ። አዲሱን ሳስገባ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። የድሮው ላይ ቢ6ኢኤስ የሚል ስላለ አዲሱንም እሱኑ ነው የገዛሁት። የሰፈራችን መካኒክ በኢፖክሲ እናጣብቀው አለኝ። እውነት ይይዛል? ወይስ ራሴ ቤት ውስጥ ልጠግነው እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ራስህ ትጠግነዋለህ። ኢፖክሲውን ግን እርሳው። ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በጥርሱ (በጠመዝማዛ መስመሮቹ) እና በመቀመጫው በኩል ወደ ቴስታታው፣ ወደ ሲሊንደሩ ክዳን ነው። መሀል ላይ ኢፖክሲ ካስገባህ መንገዱን ዘጋኸው ማለት ነው። ካንዴላው ይግላል፣ ኢፖክሲው ይለሰልሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ካንዴላው ተፈናጥሮ ይወጣል። ቬስፓ ላይ ሞተሩ ያለው ደግሞ ከቀኝ ጭንህ አጠገብ ነው።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት አንድ የጻፍከው ነገር ላይ ልቁም። «እሱኑ ነው የገዛሁት» ብለሃል። ጥርሱን የበላው እሱ ነው።

ኤንጂኬ የሚባለው ፋብሪካ ካንዴላ ላይ ያሉት ፊደላት ለጌጥ አይደሉም። ቢ ማለት የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ነው። 6 የሙቀት ደረጃው ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ርዝመቱን ይናገራል። ኤች ከሆነ የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ኢ ከሆነ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ያንተ ቬስፓ ቴስታታ አጭሩን፣ ማለትም ቢ6ኤችኤስን ነው የሚፈልገው። ረጅሙም ሲያስገቡት ይገባል፤ ውፍረቱም የጥርሱ ልክም አንድ ነውና። ሞተሩም ይነሳል። ችግሩ 6.3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ራቁቱን ወደ ማቃጠያው ክፍል መውጣቱ ነው። እዚያ እሳት አለ፣ የተቃጠለ ዘይት አለ። በጥቂት ወራት ጥርሱ መሀል ጥላሸት ይጋገራል። የተጋገረ ጥላሸት ድንጋይ ነው። ካንዴላውን ስትፈታ ያ ድንጋይ በለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ እየፋቀ ይወጣል። መሀል ላይ የጠነከረብህም ለዚህ ነው። አባትህ ይሁኑ ሌላ ሰው አላውቅም፣ ብቻ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ «ያው ነው» ተብሎ የተሸጠ ካንዴላ ነው። ያው አይደለም።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ጣሊያን ውስጥ ተለክቶ የወጣ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ አልነሳ ይላል፣ ባለቤቱ ካንዴላውን ፈትቶ በብሩሽ ጠርጎ ይመልሳል። በሳምንቱ ደግሞ ይፈታል። አንዳንዱ «ሞተሩ እንዳይነክስ» እያለ ዘይቱን በእጥፍ ይቀላቅላል፤ ያኔ ይብሳል። የስፕሪንት ልክ 2 በመቶ ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። በየሳምንቱ የሚፈታ የአሉሚኒየም ጥርስ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ጥገናው ሲያልቅ ካርቡራተሩንም አሳየው፤ ዋናዋን ቤንዚን አሳላፊ ባለ ቀዳዳ ነሐስ በአንድ ደረጃ ማጥበብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አታጥብብ። ቤንዚን ያነሰው ሁለት ምት ሞተር ፒስተን ይበሳል።

አሁን ወደ ሥራው። ቴስታታውን አውርድ። «ሳላወርድ እዚያው ላይ ባደርገውስ?» የሚል ሐሳብ እንደሚመጣብህ አውቃለሁ፣ ለእኔም ይመጣብኝ ነበር። አዲስ ጥርስ ስትቀርጽ የሚረግፈው የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚወድቀው። በግሪስ እይዘዋለሁ የሚል አለ። የተወሰነው ይያዛል፣ የቀረው በፋሻው (ፒስተኑን በከበበው ቀለበት) እና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ይገባል። በዚያ ላይ የገባው ጥርስ ከታች ጫፉ የት እንደቆመ አታይም። ቴስታታውን የያዙትን አራት ዳዶዎች (የብሎን ማሰሪያዎች) ላለመፍታት ብለህ ይህን ሁሉ አደጋ አትውሰድ።

አወራረዱ ቀላል ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። በቀኝ በኩል ያለውን የሞተር ሽፋን አንሳ፣ የካንዴላውን ክዳን ንቀል፣ ሲሊንደሩን የሸፈነውን የአየር ማቀዝቀዣ ቆርቆሮ ፍታ። አራት ዳዶ ታገኛለህ። በመስቀል ቅርጽ፣ ትንሽ ትንሽ እያፈራረቅህ አላላቸው። ዳዶዎቹ የ7 ሚሊ ናቸው። በየሱቁ የሚገኝ ልክ ስላልሆነ እንዳይጠፉብህ፤ ከነሮንዴላቸው (ከሥራቸው ካለው ቀለበት ጋር) በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጥ።

ቴስታታው ከወጣ በኋላ የማስነሻ ፔዳሉን እንዳትረግጥ። ይህንን በቀይ እስክሪብቶ ብጽፈው ደስ ባለኝ። ሲሊንደሩን ቁልቁል ይዘውት የነበሩት እነዚያው አራት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። ቴስታታው ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚይዘው የለም። ሞተሩን ካዞርከው ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይዞት ይነሳና የታችኛው ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቀደዳል። የአንድ ሰዓት ሥራ የሁለት ቀን ሥራ ሆነ ማለት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርግና ተወው። በነገራችን ላይ የፒስተኑን አናት እየው። ረጅሙ ካንዴላ ነክቶት ከሆነ ክብ ምልክት ታገኛለህ። ትንሽ ጠባሳ ከሆነ ግድ የለም፤ ስንጥቅ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ግን ቴስታታው ሁለተኛ ጉዳይህ ነው።

ቴስታታውን በነጭ ጋዝ እጠበውና ብርሃን ላይ ያዘው። ጥርስ ቁጠር። ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። 12.7ን ለዚህ ስታካፍለው አሥር ያህል ጥርስ ይወጣል። ሰባትና ከዚያ በላይ ጤነኛ ከሆነ እኔ አልቦረቡርም፤ ያለውን አጸዳለሁ። የማጽጃው ዘዴ ደግሞ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። አሮጌ ግን ጥርሱ ጤነኛ የሆነ አጭር ካንዴላ ፈልግ። በብረት መጋዝ ከላይ ወደ ታች ሦስት መስመር ጥርሱን ቁረጥበት፣ ሹል የቀረውን በሞረድ አንሳ። የጥርስ መጥረጊያ ሠራህ። መስመሮቹን ግሪስ ሙላና ጥርሱ ካልተጎዳበት ወገን በእጅህ አስጀምረው። ቴስታታው በእጅህ ስለሆነ ከማቃጠያው ክፍል በኩልም ማስጀመር ትችላለህ። ሞተሩ ላይ እንዳለ ይህ አይሆንም ነበር። ፈጽሞ በመፍቻ አታስጀምር፤ በጣት ካልገባ ጠማማ ገብቷል።

ካንተ አገላለጽ ስገምት ግን ሰባት አይቀርህም። ክር ተጠምጥሞ የወጣ ጥርስ አልቋል። ስለዚህ አዲስ ጥርስ እናስገባለን። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ሄሊኮይል የሚባለው ነው። እንደ ምንጭ የተጠመጠመ የማይዝግ ብረት ሽቦ ነው። የሽቦው ቁርጥ ክብ ሳይሆን እንደ ካርታው ዳይመንድ ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ ውጪው አሉሚኒየሙን ሲነክስ ውስጡ ለካንዴላው አዲስ ጥርስ ይሆናል። ሁለተኛው ድፍን ቡሽ ነው፤ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ቱቦ። ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ አለ፣ ውድ ነው። ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ሄዶ ያንኑ ቡሽ ማስቀረጽ ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ካንዴላ ብዙ ጊዜ የሚፈታ ዕቃ ስለሆነ ድፍኑ ቡሽ ይሻላል። ሄሊኮይል አንዳንዴ ካንዴላውን ተከትሎ ይወጣል። ግን በትክክል ከገባና ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ካልፈታኸው አንተንም ልጅህንም ያገለግላል። ለቤት ሥራ የሚቀለው እሱ ነው። ለካንዴላ ተብሎ የሚሸጠው ሙሉ ዕቃ ጥርስ ማውጫውን (አዲስ ጥርስ የሚቀርጸውን ታፕ)፣ ማስገቢያውንና ሽቦዎቹን ይይዛል። 14 በ1.25 የሚለውን ለይተህ ግዛ። ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብለህ ጠይቅ፤ ካጣህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት።

ቶርኖ ቤት ከሄድክ ደግሞ ሁለት ነገር አስጠንቅቅ። ቡሹ ከተራ ብረት አይሁን። አሉሚኒየም ሲሞቅ ብዙ ይለጠጣል፤ ብረት የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚለጠጠው። ስለዚህ ሞተሩ ሲግል ጉድጓዱ ሰፍቶ ቡሹ ይላላል። ነሐስ ለአሉሚኒየም ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ብየዳ እንዳይጀምሩልህ። «በጋዝ ሞልተን እንደገና እንበሳዋለን» የሚል ይኖራል። በአርጎን በደንብ የሚበይድ ሰው ካለ አልጣላውም። በጋዝ ከሆነ ግን ቴስታታው ይጣመማል፤ ጭራሽ ሊቀልጥም ይችላል።

ሄሊኮይሉን መረጥክ እንበል። የዕቃው ጥርስ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ላይ የካንዴላው ጥርስ አለው። በቀረው አሮጌ ጥርስ ተመርቶ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ነው። እንደዚያ ከሆነ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ ማሽን) አያስፈልግህም። ቴስታታውን በጨርቅ ጠቅልለህ ሞርሳ ላይ እሰረው፤ የአየር ማቀዝቀዣ ክንፎቹን ግን አታስነክሳቸው፣ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበሩት። ጥርስ ማውጫውን ነጭ ጋዝ አጠጣው። ለአሉሚኒየም ከሞተር ዘይት ይልቅ ነጭ ጋዝ ነው የሚስማማው፤ ዘይት ሲሆን ፍቅፋቂው ጥርሱ ላይ ይለጠፋል። በእጅ አስጀምርና ሁለት ዙር ያህል ሲገባ ቁም። ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ወስደህ በሁለት አቅጣጫ ቀጥ ማለቱን ለካ። ከዚህ በኋላ ማቃናት አይቻልም። ቀጥ ካለ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ስትመልሰው ጠቅ የሚል ነገር ይሰማሃል፤ ፍቅፋቂው ተቆረጠ ማለት ነው። ሳትመልስ ከገፋህ ይሞላና ይነክሳል።

ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን «ወደኋላ መመለስ» የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። የ6 ሚሊ ታፕ የሞተር ሽፋን ውስጥ ሰበርኩ። ታፕ ጠንካራ ብረት ነው፣ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም። ሦስት ቀን በቀጭን ስልና በመዶሻ እየፈረፈርኩ አወጣሁት። አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ሦስቱንም ቀን አጠገቤ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ጥርሱ ሲያልቅ አጥበው፣ በአየር ንፋ፣ እንደገና አጥበው። ከዚያ ሽቦው። ሽቦው ከጉድጓዱ ትንሽ የሰፋ ሆኖ ይታይሃል፤ ስህተት አይደለም። ሲገባ ተጨምቆ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ልለጠጥ ሲል ግድግዳውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ማጣበቂያ አያስፈልገውም። የጥርስ ማጣበቂያዎች ከካንዴላ ሙቀት ፊት አይቆሙም። ማስገቢያው ላይ አድርገህ በጣትህ ኃይል ብቻ አዙረው፣ ቁልቁል አትጫነው። ከተጫንከው አንድ ጥርስ ዘልሎ ይገባል፣ ከዘለለ ደግሞ ማውጣት ነው።

የት እንደሚቆም ልብ በል። ከላይ ከካንዴላው ሮንዴላ መቀመጫ በታች ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ሰምጦ ይቁም። ወደ ላይ ብቅ ካለ ሮንዴላው አይቀመጥም፣ ጭስ ይተነፍሳል። ከታች ደግሞ ወደ ማቃጠያው ክፍል አንድም ጫፍ አይውጣ። የወጣች የሽቦ ጫፍ በእሳቱ ትግልና እንደ ክብሪት ትሆናለች፤ ቤንዚኑ ካንዴላው ብልጭታ ሳይሰጥ በፊት ይቀጣጠላል። ከዚያ በኋላ ፒስተን ነው የምትገዛው። ከረዘመ አውጥተህ አጭር ሽቦ አስገባ። ማስገቢያው የያዘበት ትንሽ ምላስ ታች ላይ ትቀራለች። በሹል ፒንሳ ያዝና ወደ ላይ ወደ ታች አወዛውዛት፣ ከተሠራላት ቁርጥ ላይ ትሰበራለች። ቴስታታው እጅህ ላይ ስለሆነ የት ወደቀች ብለህ አትጨነቅም።

ቴስታታው ወርዶ ሳለ አንድ ነገር ጨርስ። ይህ ሞተር በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ጓርኒሲዮን የለውም፤ ብረት ለብረት ነው የሚገጥመው። ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጥፍ፣ ነጭ ጋዝ አርከፍክፍበት፣ ቴስታታውን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሽከርክረው። ዙሪያውን እኩል የደበዘዘ ቀለበት ሲታይህ በቃ። እንደገና እጠበው። ዳዶዎቹን ስትመልስ በመስቀል፣ በሦስት ዙር እያጠበቅህ።

ካንዴላው ጋ ደርሰናል። ያንን ቢ6ኢኤስ ለሚሆነው ሰው ስጥና ቢ6ኤችኤስ ግዛ። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ካለህ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ከሌለህ ሮንዴላው እስኪነካ በጣት አዙር፣ ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ። ይህ ለአዲስ ካንዴላ ነው። ተፈትቶ የሚመለስ ከሆነ ሮንዴላው አንዴ ስለተጨመቀ ከጣት በኋላ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ይበቃዋል፤ በሰዓት ብትቆጥረው የአምስት ደቂቃ መንገድ። ብዙ ሰው ጥርስ የሚገድለው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌውንም ግማሽ ዙር ይሰጠዋል። ጥርሱ ላይ ግሪስ አትቀባ። ሲያንሸራትት የማጥበቂያ ስሜትህን ያታልልሃል፣ ሳታውቀው ከልክ በላይ ታጠብቃለህ።

የማርሽ ዘይት ማፍሰሻውም ሆነ የሞተር ሽፋን ብሎኖች አንድ ቀን እንዲሁ ሊያልቁብህ ይችላሉ። ሥራው ያው ነው፣ እንዲያውም ይቀላል፣ ምክንያቱም እሳት የለበትም። እነሱ ላይ ሄሊኮይል ያለ ክርክር ይሻላል። ለ6 ሚሊ ብሎን በ6.3፣ ለ8 ሚሊ በ8.3 መሰርሰሪያ ትበሳለህ፤ ከዚያ የራሱ የሄሊኮይል ታፕ ይገባል፣ ተራው የ6 ወይም የ8 ታፕ አይሆንም። ቬስፓ ሁሉ ነገሩ በሚሊ ሜትር ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ይዞ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ጥርሱ የዊትዎርዝ ይሁን አይሁን ስንለይ ይመሽብን ነበር። ያ በ1841 የወጣ ልክ ነው፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፣ የሚሊ ሜትሩ ግን 60። በዓይን አይለይም፣ አንዱን በሌላው ስታጠብቅ ግን ሁለቱም ያልቃሉ።

ስትጨርስ አስነሳትና አሥር ደቂቃ ያህል ሰፈር ውስጥ ንዳት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስክትቀዘቅዝ ጠብቅ። ካንዴላውን በእጅህ ነካ አድርገው፤ ካልተነቃነቀ አትፍታው። በመቀመጫው ዙሪያ የዘይት ጭጋግ ካየህ ሮንዴላው አልተቀመጠም። ያኔ ካንዴላውን አውጥተህ ሽቦው ወደ ላይ ብቅ ማለት አለማለቱን እይ። ምንም ከሌለ ሽፋኑን መልስ።